የጸደይ ሕመም የሚከለከለው ጸደይ ሳይገባ ነው

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ብርዱ ለቆ ዛፉ ሲያቆጠቁጥ የማይደሰት ሰው የለም። እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሐኪም ነኝና ጸደይን በሌላም በኩል አውቀዋለሁ። የሚያስነጥሱ፣ ዓይናቸው የቀላ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጡ ሰዎች የሚመጡበት ወቅት ነው። አብዛኞቹም አንድ ነገር ይላሉ፦ "ዶክተር፣ ይሄ ጉንፋን አልለቀኝ አለ።" ስንት ጊዜ ሆነው ስላቸው ሦስት ሳምንት፣ አራት ሳምንት ይሉኛል። በመሃል አንቲባዮቲክ ጨርሰዋል። ሽሮፕ ጠጥተዋል። ያልሞከሩት የለም።

ጉንፋን ግን አራት ሳምንት አይቆይም። አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ሳሉ ትንሽ ሊጎተት ይችላል። ወር ሙሉ የሚያንጠባጥብ አፍንጫ ግን ሌላ ምክንያት አለው፣ ብዙ ጊዜም አለርጂ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአለርጂም ለጉንፋንም አይሠራም። ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ የአበባ ብናኝንማ ጭራሽ። ሰውየው ገንዘቡን ጨርሶ፣ ሆዱን አስቸግሮ፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነው ያለው።

ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በሁለት ጉዳይ ዙሪያ ነው። አንደኛው፣ የትኛው ሕመም እንደያዛችሁ መለየት። ሁለተኛው፣ ቀድሞ መነሳት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የጸደይ ሕመም ላይ ይህ አባባል ቃል በቃል ይሠራል። እንዴት እንደሚሠራ አሳያችኋለሁ።

መለየቱ የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ጉንፋን ብዙ ጊዜ ከጉሮሮ ይጀምራል። መጀመሪያ ይከረክራል፤ ከዚያ አፍንጫ ይታፈናል፤ ንፍጡ በቀናት ውስጥ እየወፈረ ይመጣል። ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ኢንፍሉዌንዛ እንደዚህ አይደለም። ጠዋት ደህና የነበረውን ሰው ማታ አልጋ ላይ ይጥለዋል። ከፍተኛ ትኩሳት አለ፣ ብርድ ብርድ ማለት አለ፣ ጡንቻን የሚቆራርጥ ሕመም አለ። አለርጂ ደግሞ ትኩሳት የለውም። የእሱ ዋና ምልክት ማሳከክ ነው። አፍንጫ ያሳክካል፣ ዓይን ያሳክካል፣ ላንቃ ያሳክካል፣ አንዳንዱንማ የጆሮው ውስጥ ሳይቀር ይበላዋል። ማስነጠሱ በአንድ በሁለት አይቆምም፤ ተከታትሎ ይመጣል። ንፍጡ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ውጭ ሲወጡ ይብሳል፣ ዝናብ ሲጥል ይሻላል። ከሁሉም በላይ ዓመቱን ጠብቆ ይመጣል። "አምናም በዚህ ሰሞን እንዲሁ አድርጎኝ ነበር" ያለኝ ሰው የምርመራውን ግማሽ ራሱ ሠርቶልኛል ማለት ነው።

ልጆች ግን "ያሳክከኛል" ብለው ላይነግሯችሁ ይችላሉ። እጃቸውን እዩ። አለርጂ ያለበት ልጅ የአፍንጫውን ጫፍ በመዳፉ ወደ ላይ ገፋ ገፋ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ ይህን ሲደጋግም ከአፍንጫው ጫፍ ከፍ ብሎ አግድም የተሰመረ ቀጭን መስመር ይወጣበታል። ከዓይኑ ሥር ይጠቁራል። አፉን ከፍቶ ይተኛል። ትምህርት ቤት ሲሄድ ይፈዛል፣ ይነጫነጫል። መምህሩ ሰነፈ ይላል። ልጁ አልሰነፈም፤ ሌሊቱን በወጉ አልተኛም። ወላጆች፣ እዚህ ላይ አደራ እላችኋለሁ። ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት አፍንጫውን እዩለት።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ዕፅዋት የሚራቡት በአበባ ብናኝ ነው፣ ፖለን የሚባለው። አንዳንዶቹ ብናኛቸውን በንብ ያስይዛሉ፣ ሌሎቹ ለነፋስ ይሰጣሉ። እኛን የሚያሳምሙን ለነፋስ የሚሰጡት ናቸው። ይህን ለይቼ የምናገረው ብዙ ሰው ጥፋቱን ቀለሙ በደመቀ፣ መዓዛው ባማረ አበባ ላይ ስለሚጥል ነው። የእንደዚያ ዓይነቱ አበባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ በአየር ላይ ብዙ አይጓዝም። የሚያስቸግሩት እንደ በርች፣ ኦክና ወይራ ያሉ፣ አበባቸው ዓይን ውስጥ የማይገባ ዛፎች ናቸው። ጸደዩ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ሣሮች ይከተላሉ። አንዷ ብናኝ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ናት። ትልቋ እንኳ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ለብቻዋ ሆና አትታይም። የሚታየው ብዙ ሆኖ መኪና ላይ ሲያርፍ ነው።

የዚህ ሕመም ምክንያት ብናኝ መሆኑን ለማወቅ ራሱ ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦስቶክ በየዓመቱ የሚያሠቃየውን የራሱን ሕመም ጽፎ ለሙያ ባልደረቦቹ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1819 ነው። ምክንያቱ ግን አልተገለጠለትም ነበር። ምክንያቱን ያሳየው ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ ነው። እሱም የዚሁ ሕመም ተጠቂ ነበር። ብናኝ ሰብስቦ የራሱን አፍንጫ ነካበት። ቆዳውን ጭሮ ቀባበት። የሚያጣብቅ መስታወት በካይት ወደ ሰማይ እየላከ ከፍታ ላይ ያለውን ብናኝ እስከ መቁጠር ደረሰ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1873 አሳተመ። ዛሬ ሐኪሞች ቆዳ ላይ ጠብታ አድርገው፣ ጫር አድርገው የሚሠሩት የአለርጂ ምርመራ የዚያ ሰው ሥራ ቀጥታ ወራሽ ነው። እንደዚህ ያሉ ሰዎችን ሳስብ አክብሮት ይሰማኛል። በገዛ ሰውነታቸው ነው የተማሩልን።

ሰውነታችን ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ብናኙን እንደ ጠላት ይመዘግበውና አይጂኢ የሚባል አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ንጥረ ነገር፣ ይሠራበታል። ይህ አንቲቦዲ በአፍንጫና በዓይን ሽፋን ውስጥ ባሉት ማስት ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ብናኙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይረጫሉ። ማሳከኩ፣ ዕንባው፣ ማስነጠሱ የዚያ ውጤት ነው። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ሌሎች ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ አፍንጫ ያብጣል፣ ይደፈናል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ወቅቱ ሲጀምር አፍንጫን ለማስቆጣት ብዙ ብናኝ ያስፈልጋል። አንዴ ከተቆጣ በኋላ ግን በጣም ጥቂቱ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ያላደረገ ሰው በአራተኛው ሳምንት በትንሽ ነፋስ ይታመማል። ቀድሞ መነሳት ይሻላል የምለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ቀድሞ መነሳት በተግባር ምን ማለት ነው? በየዓመቱ አለርጂ የሚነሳባችሁ ከሆነ ዋናው መድኃኒት በአፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ፣ ማለትም ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ነው። ስቴሮይድ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። የአፍንጫው መጠኑ አነስተኛ ነው፣ የሚሠራውም እዚያው አፍንጫ ውስጥ ነው። ግን ዛሬ ተረጭቶ ዛሬ የሚያድን አይደለም። ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚጀመረው ብናኙ ከመውጣቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያም ወቅቱ እስኪያልፍ በየቀኑ። ሲብስ ብቻ እየረጩ ሲሻል መተው ጥቅሙን ያሳጣል። "ሞክሬው አልሠራልኝም" ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ሦስት ቀን ረጭተው የተዉት ናቸው።

ሌላው ምክንያት አረጫጨቱ ነው። ማንም አላሳያቸውም። እኔ አሁን ላሳያችሁ። መጀመሪያ ዕቃውን ነቅንቁት። አፍንጫችሁን ቀስ ብላችሁ ተናፈጡ። ራሳችሁን ወደ ኋላ አታጋድሉ፤ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል በሉ። ለቀኝ አፍንጫ የግራ እጃችሁን፣ ለግራው የቀኝ እጃችሁን ተጠቀሙ። እንዲህ ስታደርጉ ጫፉ ራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዞራል። ወደ መሃል ወደ አፍንጫው ግድግዳ ከረጫችሁ ግን ግድግዳው ይደርቃል፣ ይደማል። ከረጫችሁ በኋላ በኃይል አትሳቡ። እንደ ወትሮው ተንፍሱ። ጉሮሯችሁ ላይ ከመረራችሁ መድኃኒቱ አልፏችሁ ሄዷል ማለት ነው። ይህን አሥር ሰኮንድ የማይፈጅ ነገር ማስተካከል ብቻ ስንቱን ሰው እፎይ እንዳሰኘው አይቻለሁ።

ክኒኖቹስ? ፀረ ሂስታሚን ክኒን ለማሳከክና ለማስነጠስ ጥሩ ነው፤ ለታፈነ አፍንጫ ግን ያን ያህል አይደለም። የቆዩት ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ክሎርፌኒራሚንና ዳይፌንሃይድራሚን፣ እንቅልፍ ያመጣሉ። ማታ ውጦ ጠዋት መኪና የሚነዳ ሰው ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ መሪ ይይዛል። ሎራታዲንና ፌክሶፌናዲን በዚህ በኩል ይሻላሉ። ሴትሪዚን በአንዳንድ ሰው ላይ ትንሽ እንቅልፍ ያመጣል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፣ ለትንሽ ልጅ የምትሰጡ ግን ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

የታፈነ አፍንጫን ወዲያው የሚከፍት ሌላ ርጭት አለ። ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን የሚል ተጽፎበታል። ይህኛው ተአምር ይመስላል። በደቂቃ ይከፍታል። ግን ከሦስት ቀን፣ ቢበዛ ከአምስት ቀን በላይ አትጠቀሙት። ከዚያ በኋላ አፍንጫው ያለ እሱ መከፈት ያቅተዋል። የርጭቱ ኃይል ሲያልቅ ከበፊቱ የባሰ ይደፈናል፣ ሰውየው እንደገና ይረጫል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ይነጉዳሉ። ኪሱ ውስጥ ይህን ጠርሙስ ይዞ ካልሆነ ከቤት የማይወጣ ሰው ካወቃችሁ እባካችሁ ወደ ሐኪም ላኩት። ይድናል።

አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብም ይረዳል። ብናኙን አጥቦ ያወጣል። ውሃው ግን ቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ አይሁን። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ዲስቲልድ ውሃ ይሁን። ለመጠጥ የማይጎዳ ውሃ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ሊጎዳ ይችላል። ኔግለሪያ ፋውለሪ የምትባል አሜባ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ትገባለች። እጅግ ብርቅ ነው፣ ከደረሰ ግን ይገድላል። ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ያህል ቀላል ነገር አትዝለሉ።

መድኃኒት ሁሉ አልበቃ ብሎት ዓመት በዓመት የሚሠቃይ ሰው ካለ ሌላ መንገድ አለ። ብናኙን ራሱን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ ሰውነትን ማለማመድ። ሌናርድ ኑን የሚባል ሐኪም ለንደን ውስጥ ይህን ሞክሮ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ዛሬ በመርፌ ወይም ከምላስ ሥር በሚደረግ ክኒን ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥቅሙ ግን ሕክምናው ካለቀ በኋላም ይቆያል። ልዩ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ የምታደርጉት ደግሞ ቀላል ነው። ብናኝ የሚበዛው በደረቅና ነፋሻ ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን። ያኔ መስኮት ዝጉ። ዝናብ ካባራ በኋላ ክፈቱና አየር ይግባ። ውጭ ስትወጡ መነጽር አድርጉ፣ ማስክም ይረዳል። ከውጭ ስትገቡ ልብስ ቀይሩ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጸጉራችሁን ታጠቡ፣ ቢያንስ በእርጥብ ፎጣ አብሱት። ቀኑን ሙሉ ጸጉር ላይ ያረፈ ብናኝ ትራስ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስትስቡት ታድራላችሁ። በዚህ ሰሞን አንሶላና የትራስ ልብስ ውጭ አታስጡ። ቤት ስታጸዱ ደረቅ አቧራ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። በነገራችን ላይ በጽዳት ጊዜ በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትደባልቁ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ዝናብ ብናኝ ያጥባል አልኩ። አንድ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፣ እሱም ነጎድጓዳማ ማዕበል ነው። በደቡቡ የምድር ክፍል ጸደይ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2016 ምሽት ላይ አውስትራሊያ ሜልበርን ከተማ ላይ ማዕበል መጣ። በአየር ላይ የሣር ብናኝ ሞልቶ ነበር። ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ይፈነዳል፤ ወደ ደቃቅ ቅንጣት ይከፋፈላል። ሙሉው ብናኝ አፍንጫ ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ግን ሳንባ ድረስ ይገባል። በሰዓታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መተንፈስ አቅቷቸው ወደ ሆስፒታል ጎረፉ። 10 ሰዎች ሞቱ። ከታመሙት ብዙዎቹ አስም አለብን ብለው የማያውቁ ነበሩ። የጸደይ አለርጂ ግን ነበረባቸው።

ይህን የነገርኳችሁ ለማስፈራራት አይደለም። አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ላይ ያሉ አካላት ናቸው። በአለርጂ ሰሞን ሌሊት ሌሊት የሚያስላችሁ፣ ደረታችሁ የሚጨንቃችሁ፣ ስትተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ አስም ሊሆን ይችላልና ታዩ። አስም እንዳለባችሁ የምታውቁ ደግሞ ስለ ፓፋችሁ፣ በአፍ ስለምትስቡት መድኃኒት፣ አንድ ነገር ልበል። ሲጨንቃችሁ የምትስቡት፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው፣ የተዘጋውን ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል። ውስጥ ያለውን ቁጣ አያበርድም። የሚያበርደው ስቴሮይድ ያለበት የየቀን መከላከያ ነው። ደህና ነኝ ብላችሁ እሱን አታቋርጡ። ደህና የሆናችሁት እኮ እሱን ስለወሰዳችሁ ነው። ብናኝ በበዛበት ቀን ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ቤት ግቡ፣ መስኮት ዝጉ።

ስለ ዓይን ሳልናገር ብቀር ያንገበግበኛል። በጸደይ የሚነሳ፣ በተለይ ሞቃትና ደረቅ አካባቢ ባሉ ወንዶች ልጆች ላይ የሚበረታ ከባድ የዓይን አለርጂ አለ። ልጁ ዓይኑን ያሻል። ቡጢውን ጨብጦ ያሻል፣ እስኪቀላ ያሻል። ብርሃን ማየት ይጠላል። ወፍራም፣ ክር የሚመስል ነጭ ነገር ከዓይኑ ይወጣል። ለዓመታት እንዲህ ሲያሽ የዓይኑ የፊት መስታወት፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ እየሳሳ ቅርጹን ሊቀይር ይችላል። ያኔ መነጽርም ላያስተካክለው ይችላል። ስለዚህ ማሸትን እንደ ልማድ አትዩት። ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ንጹሕ ጨርቅ ዓይኑ ላይ አድርጉለት፣ ይረጋጋል።

ከዚህ የባሰው ግን ጠብታው ነው። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ በአንድ ቀን መቅላቱን ያጠፋል። እናት ደስ ይላታል። ሲያልቅ በራሷ ትገዛለች፣ በሚቀጥለው ጸደይም ትገዛለች። ጠብታው ግን በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ይህ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ አያምም፣ አይታወቅም፣ የጠፋው ብርሃን ደግሞ አይመለስም። የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። በማሳከክ የጀመረ ልጅ በመድኃኒት ምክንያት ዓይኑን ሲያጣ ማየት ልብ ይሰብራል። የዓይን ሐኪም አዝዞ፣ ግፊቱን እየለካ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። በራሳችሁ ግን በፍጹም። ከጎረቤት የተረፈ ጠብታም አትቀበሉ።

ወደ ጉንፋን ልመለስ። ብዙውን ጉንፋን የሚያመጡት ራይኖቫይረሶች ከ100 በላይ ዓይነት ናቸው። ለዚህ ነው ክትባት የሌለው። በጸደይም በደንብ ይዘዋወራሉ። ቫይረሱ የሚገባው በአፍንጫና በዓይን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰውም የራሳችን እጅ ነው። የበር እጀታ ነክተን ዓይናችንን እናሻለን። በዚያ ላይ አለርጂ ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ፊቱን ሲነካ ይውላል። እጅ በሳሙና 20 ሰኮንድ ያህል ይታጠብ። አውራ ጣትንና የጣት ጫፎችን አትርሱ፤ ሁልጊዜ የሚዘለሉት እነሱ ናቸው።

ከእጅ ቀጥሎ የማስቀምጠው እንቅልፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 164 ጤነኛ ሰዎች መጀመሪያ እንቅልፋቸው ተለካ፤ ከዚያ ራይኖቫይረስ ያለበት ጠብታ አፍንጫቸው ውስጥ ተደረገ። በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቫይታሚን ሲ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ ጉንፋንን አይከላከልም። አዘውትሮ የወሰደው ሰው ሕመሙ ትንሽ ያጥርለታል፣ ያ ብቻ ነው። ለክኒን የምታወጡትን ገንዘብ ይዛችሁ በጊዜ ተኙ ብዬ ነው የምመክራችሁ። ለሳል ማር ይረዳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በፍጹም አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ያመጣበታል።

ኢንፍሉዌንዛ ክትባት አለው፣ በየዓመቱ የሚታደስ። ብርዱ ሲያልፍ እሱም አብሮ ያለፈ ይመስላል። አንዱ ዓይነት፣ ኢንፍሉዌንዛ ቢ፣ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ወደ ጸደይ ነው የሚበረታው። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ፣ የሳንባ ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ ክትባቱን ወቅቱ ሳይጀምር ውሰዱ።

አራቱ ወቅቶች በግልጽ በሚፈራረቁባቸው አገሮች ኩፍኝ የሚበረታው በብርዱ መጨረሻና በጸደይ ነው። ኩፍኝን የሚያህል ተላላፊ በሽታ ብዙ የለም። በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ቫይረሱ አየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል፤ ማለትም ማንም ኩፍኝ ነው ብሎ ሳይጠረጥር። ሳንባን ያጠቃል፣ አንጎልን ያጠቃል፣ ዓይን ያሳውራል። ካለፈ በኋላም ሰውነት ቀድሞ የሚያውቃቸውን ጀርሞች ያስረሳዋል፤ ልጁ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ለሌላ በሽታ የተጋለጠ ይሆናል። ሁለት ጊዜ የተሰጠ ክትባት 97 በመቶ ይከላከላል። እባካችሁ ዛሬ ቤት ስትገቡ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አውጡ። ሁለተኛው ተሰጥቷል ወይ? ካልተሰጠ ነገ ጠዋት ይዛችሁ ሂዱ።

ጉድፍም በዚህ ወቅት ይበዛል። አብዛኛው ልጅ በደህና ይወጣዋል። ጉድፍ ወይም ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ ግን አስፕሪን አትስጡ። ብርቅ ቢሆንም ጉበትና አንጎልን የሚያጠቃ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ነገር ሊያስከትል ይችላል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃዋል።

ስለ ሆድ አጭር ልበል። ሙቀቱ ሲጨምር ምግብ ቶሎ ይበላሻል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩ። ኖሮቫይረስ የሚባለው ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣ ቫይረስ ደግሞ በአልኮል ጄል ብዙም አይሞትም፤ ሳሙናና ውሃ ነው የሚያስፈልገው። የታመመ ሰው ከተሻለው በኋላም ለ48 ሰዓት ለሌሎች ምግብ አያዘጋጅ።

ሣርና ጫካ ለምትወጡ፣ መዥገር በጸደይ ይነቃል። ስትመለሱ ሰውነታችሁን ፈትሹ፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ የልጆችን ጸጉር ሥር። ካገኛችሁ አትተኩሱት፣ ቅባት አትቀቡት። ቀጭን ወረንጦ ወስዳችሁ ወደ ቆዳው በጣም ተጠግታችሁ ያዙት፣ ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ቦታውን ታጠቡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መዥገር እንደነከሳችሁም ንገሩት።

ከነገርኳችሁ አብዛኛውን ቤት ውስጥ መያዝ ይቻላል። የማይቻለውን ደግሞ ልንገራችሁ። መተንፈስ አቅቶት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያልቻለ ሰው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ጎድን አጥንቱ መሃል እየሰረጎደ የሚተነፍስ ልጅ። ትኩሳት ኖሮት አንገቱን ማጠፍ ያቃተው፣ ወይም መስታወት ሲጫኑበት የማይጠፋ ሽፍታ የወጣበት፤ ይህ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ሦስት ወር ሳይሞላው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ የደረሰ ሕፃን። ጉንፋኑ ተሽሎት እንደገና በከፍተኛ ትኩሳት የወደቀ ሰው። ለእነዚህ ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን ጠዋትን አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ርጭት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ወደ ፊት ኑ፣ አያያዙን አብረን እናያለን።